በ641 የተፈታው ቁጥር

4,294,967,297።

ይህን ቁጥር እወደዋለሁ። እንዲሁ ሲያዩት ምንም የተለየ ነገር የለውም። ትልቅ ነው። በሴኮንድ አንድ እያልን፣ ሳንተኛና ሳናርፍ ከ1 ጀምረን ብንቆጥር እሱ ጋ ለመድረስ 136 ዓመት ይፈጅብናል። በ2 አይካፈልም። በ3፣ በ5፣ በ7ም አይካፈልም። ከ2 ጀምራችሁ እስከ 640 ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ብትሞክሩ እኩል የሚያካፍለው አታገኙም።

መልኩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ኮምፒውተር በሚጽፍበት መንገድ፣ በ0 እና በ1 ብቻ ሲጻፍ ነው።

100000000000000000000000000000001

ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ መሀል ላይ 31 ዜሮ። ሠላሳ ሁለት 2ቶችን አባዝተን 1 ስንጨምርበት ማለት ነው፤ 2³² + 1።

ትልቅ ቁጥር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ብዛቱን ነው። እኔን የሚስበኝ ውስጡ ነው፤ ከምንና ከምን ተባዝቶ እንደተሠራ። በዚህ ቁጥር ላይ ደግሞ አንድ ታላቅ የሒሳብ ሰው ተሳስቶበታል። ከ90 ዓመት በላይ ቆይቶ ሌላ ታላቅ ሰው ስህተቱን አገኘ። ስህተቱን ለማግኘት የሚያስፈልገው መሣሪያ ግን የተሳሳተው ሰው ራሱ የሠራው ነበር። ይሄ ነገር ደጋግሜ ባስበውም አይሰለቸኝም።

የመጀመሪያው ሰው ፒየር ደ ፌርማ ነው። ቱሉዝ ከተማ ውስጥ በሕግ ሙያ የሚተዳደር ፈረንሳዊ ነበር። ሒሳብ እንጀራው ባይሆንም በዘመኑ ከነበሩት አንደኛ ከሚባሉት ተርታ ነው። በ1640 አንድ ጥያቄ ይዞት ነበር፤ 2ን በራሱ እያባዛን 1 ብንጨምርበት ፕራይም የምናገኘው መቼ ነው? ፕራይም የምለው ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለውን ቁጥር ነው።

አብዛኛው ሙከራ ገና ከጅምሩ ይወድቃል። 2⁶ + 1ን እንውሰድ፤ 65 ነው። 2⁶ ማለት 4³ ስለሆነ፣ 65 ማለት 4³ + 1 ነው። አንድ ቁጥር ጎዶሎ ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1 ሲደመርበት፣ ውጤቱ ሁልጊዜ በዚያው ቁጥር ሲደመር 1 ይካፈላል። ስለዚህ 65 በ5 ይካፈላል። የ2 ፓወር፣ ማለትም ስንት 2ቶች እንደተባዙ የሚናገረው ቁጥር፣ በየትኛውም ጎዶሎ ቁጥር የሚካፈል ከሆነ (ከ1 በቀር) ነገሩ አበቃለት። ከዚህ ወንፊት የሚተርፉት ፓወሮች 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያሉ የሚሄዱት ብቻ ናቸው።

እነሱን እንሥራቸው። 2 + 1 = 3። 4 + 1 = 5። 16 + 1 = 17። 256 + 1 = 257። 65,536 + 1 = 65,537። አምስቱም ፕራይም ናቸው። ስድስተኛው የኛው ቁጥር ነው። እነዚህ ቁጥሮች ዛሬ የፌርማ ቁጥሮች ይባላሉ። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር የኛው 5ኛው የፌርማ ቁጥር ነው።

ፌርማ ሁሉም ፕራይም ናቸው ብሎ አመነ። ማረጋገጫ እንደሌለው ግን በደብዳቤዎቹ ውስጥ በግልጽ ተናግሯል። ይህን አከብርለታለሁ። አምስት ጊዜ በተከታታይ የሠራ ነገር ስድስተኛው ላይ ይከዳል ብሎ መጠርጠር ለማንም ይከብዳል።

ታዲያ ለምን ስድስተኛውን አላጣራውም? በጭፍን ካየነው ሥራው ብዙ ነው። ቁጥሩ የሚካፈል ከሆነ፣ ከሁለት አካፋዮቹ አንዱ ከ65,536 አይበልጥም። እስከዚያ ድረስ ያሉት ፕራይሞች 6,542 ናቸው። ይህን ሁሉ ማካፈል በብዕርና በወረቀት ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነው። ግን በጭፍን መሄድ አያስፈልግም ነበር። የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

በዚያው በ1640 ፌርማ ለጓደኛው ለፍሬኒክል ሌላ ግኝት ጽፎለት ነበር። ዛሬ የፌርማ ትንሹ ቴዎረም እንለዋለን። ለኛ ጉዳይ የሚያስፈልገንን ያህል ላስረዳ። አንድ ጎዶሎ ፕራይም ምረጡ፤ ለምሳሌ 7። ከ1 ተነሡና በ2 እያባዛችሁ ሂዱ። ከ7 ሲያልፍ 7ን ቀንሳችሁ ቀሪውን ብቻ ያዙ። 1፣ 2፣ 4፣ ከዚያ 8፤ 7 ሲቀነስ 1። መነሻችን ላይ ተመለስን። ዙሩ 3 እርምጃ ፈጀ። ከፕራይሙ ላይ 1 ስንቀንስ ደግሞ 6 ነው። 3 ደግሞ 6ን እኩል ያካፍላል። ይሄ በ7 ላይ ብቻ የሆነ አይደለም። የትኛውንም ጎዶሎ ፕራይም ብንወስድ የዙሩ ርዝመት ከፕራይሙ ላይ 1 ተቀንሶ የሚቀረውን እኩል ያካፍላል።

አሁን ይህን ይዘን ወደ ቁጥራችን እንምጣ። አንድ ፕራይም 2³² + 1ን ያካፍላል እንበል። ያ ማለት በ2 እያባዛን 32ኛው እርምጃ ላይ ስንደርስ ቀሪያችን −1 ነው፤ እኩል ለመካፈል 1 ብቻ ይጎድለዋል ማለት ነው። ሌላ 32 እርምጃ ስንጨምር −1 በ−1 ይባዛና 1 ይሆናል። ስለዚህ 64ኛው እርምጃ ላይ መነሻችን ላይ ነን። ከዚያ ባነሰ እርምጃ ዙሩ ሊዘጋ አይችልም፤ ቢዘጋ ኖሮ የዙሩ ርዝመት 64ን ማካፈል ስላለበት 32ንም ያካፍል ነበር፤ ያኔ 32ኛው ላይም 1 እናገኝ ነበር እንጂ −1 አናገኝም ነበር። ዙሩ ልክ 64 ነው። እንግዲህ ከአካፋዩ ላይ 1 ስንቀንስ የሚቀረው በ64 መካፈል አለበት።

በሌላ አነጋገር፣ አካፋይ ካለ የ64 ብዜት ሲደመር 1 ነው። ሌላ ቦታ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

እንዘርዝራቸው። 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641። ከነዚህ ውስጥ ፕራይሞቹ 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። 6,542 የነበረው ሥራ በአንድ ጊዜ እዚህ ደረሰ። በ193 ስናካፍል 109 ይቀራል። በ257፣ 2 ይቀራል። በ449፣ 325። በ577፣ 288።

641ን አብረን እንሥራው። ትልቁን ቁጥር መንካት አያስፈልግም፤ ቀሪዎቹን ብቻ ይዘን እንሂድ። 2¹⁶ ማለት 65,536 ነው። በ641 ሲካፈል 102 ጊዜ ይደርስና 154 ይቀራል። 2³² ለማግኘት 154ን በራሱ እናባዛ፤ 23,716። ይህ በ641 ሲካፈል 36 ጊዜ ይደርሳል፣ 640 ይቀራል። 1 እንጨምር። 641። አለቀ፤ ምንም አይቀርም።

4,294,967,297 = 641 × 6,700,417።

ወረቀትና ብዕር ካላችሁ እናንተም ሞክሩት። ሁለት ደቂቃም አይፈጅ። 640 ሲመጣና 1 ሲጨመርበት የሚሰማው ስሜት አንብቦ ከሚገኘው ይለያል።

ይህን ያገኘው ሊዮናርድ ኦይለር ነው። በታኅሣሥ 1729 ወዳጁ ክርስቲያን ጎልድባክ በደብዳቤ፣ ፌርማ ስለነዚህ ቁጥሮች ያለውን ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። በ1732 ኦይለር ለሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ ቁጥሩ በ641 እንደሚካፈል አሳወቀ። ያኔ ገና 25 ዓመቱ ነበር። በዚያ ጽሑፍ እንዴት እንደደረሰበት አልዘረዘረም። የ64ቱን ነገር በማረጋገጫ ያሳየው ከዓመታት በኋላ ነው። ዋናው መሠረት ግን የፌርማ የራሱ ቴዎረም ነው። ፌርማ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ በሩን ሳይከፍተው ሞተ።

በ1878 ኤድዋርድ ሉካስ ነገሩን ይበልጥ አጠበበው። 64 የነበረው 128 መሆን እንደሚችል አሳየ። ያኔ ዝርዝሩ 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 ይሆናል። ፕራይሞቹ 257 እና 641 ብቻ ናቸው። 257 ደግሞ ሳይሞከር ይወድቃል፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ራሱ 641 ነው ማለት ነው። በአንድ ሙከራ!

ሌላኛው አካፋይ፣ 6,700,417፣ ራሱስ ይካፈል ይሆን? እሱን የሚያካፍል ሁሉ ትልቁንም ስለሚያካፍል ያው የ128 ሕግ ይሠራል። መፈለግ ያለብን እስከ 2,588 ብቻ ነው። እስከዚያ ያሉት ተወዳዳሪዎች 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ናቸው። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 44፣ 120፣ 334፣ 622። አንዱም አይሠራም። ስለዚህ 6,700,417 ፕራይም ነው። ባለ ሰባት አሃዝ ቁጥር በአራት ማካፈል ብቻ ፕራይም መሆኑ ሲረጋገጥ ማየት ለኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ለምን 641 የሚለው ጥያቄ ግን ሰው እንቅልፍ ይነሳል። ማካፈል መልሱን ይሰጣል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ምክንያቱ ሁለት መስመር ላይ ያርፋል። 641 ማለት 5 × 128 + 1 ነው፤ ማለትም 5 × 2⁷ + 1። 641 ማለት ደግሞ 625 + 16 ነው፤ ማለትም 5⁴ + 2⁴። ሁለቱን አጋጥሟቸው። ከመጀመሪያው፣ 5 × 2⁷ በ641 ሲካፈል ቀሪው −1 ነው። አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 5⁴ × 2²⁸ ቀሪው 1 ይሆናል። ከሁለተኛው፣ 5⁴ ቀሪው −2⁴ ነው። ቦታው ላይ እንተካው፤ −2³² ቀሪው 1 ሆነ። ስለዚህ 2³² + 1 በ641 ይካፈላል። አንዲት ማካፈል እንኳ አልሠራንም። ማረጋገጫ ሲያምር እንዲህ ነው።

ቁጥሩ ሌላም ገበና አለው። የሁለት ስኩዌሮች ድምር መሆኑ ግልጽ ነው፤ 65,536² + 1²። ኦይለር እንዳሳየው፣ በ4 ሲካፈል 1 የሚቀረው ፕራይም ሁሉ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ነው፤ ያም በአንድ መንገድ ብቻ። የኛው ቁጥር ግን ሁለተኛ መንገድ አለው፤ 62,264² + 20,449²። ደምሩት፤ 3,876,805,696 እና 418,161,601፣ ልክ 4,294,967,297 ይመጣል። ሁለት መንገድ ካለው ፕራይም ሊሆን አይችልም።

እነዚህ አራት ቁጥሮች ከየት መጡ? 641 = 25² + 4²። 6,700,417 = 2,556² + 409²። አሁን አንዱን ጥንድ ከሌላው ጋር አባዙ። 25 × 2,556 = 63,900። 4 × 409 = 1,636። ሲደመሩ 65,536፤ ሲቀናነሱ 62,264። ቀሪዎቹን ደግሞ አቆራርጡ። 25 × 409 = 10,225። 4 × 2,556 = 10,224። ሲደመሩ 20,449። ሲቀናነሱስ? 1። ያ መጨረሻ ላይ ያለው ብቸኛ 1፣ የቁጥሩ ስም ላይ የተጻፈው + 1፣ የመጣው 10,225 ከ10,224 በአንዲት ብቻ ስለሚበልጥ ነው። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደጋግሜ ሠራሁት። ስህተት ፍለጋ አይደለም፤ ደስ ስለሚል ነው።

ወደ 257 ልመለስ። የፌርማ ቁጥሮች አንድ ግሩም ጠባይ አላቸው። ከ5 ጀምሮ እያንዳንዱ ከሱ በፊት ያሉት ሁሉ ተባዝተው 2 ሲደመርባቸው የሚገኝ ነው። 3 × 5 + 2 = 17። 3 × 5 × 17 + 2 = 257። ስለዚህ የኛው ቁጥር በ3 ቢካፈል፣ በ17 ቢካፈል፣ በ257 ቢካፈል ሁልጊዜ ቀሪው 2 ነው። በአንዳቸውም ሊካፈል አይችልም። ከዚህ ሌላም ነገር ይወጣል። የፌርማ ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም፣ እርስ በርስም የጋራ አካፋይ የላቸውም። እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ አዲስ ፕራይም ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ስለዚህ ፕራይሞችም ማለቂያ የላቸውም። ጎልድባክ ይህን መንገድ ለኦይለር በ1730 ጽፎለታል።

አምስቱን ፕራይሞች አባዟቸው፤ 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537። 4,294,967,295 ይመጣል። ኮምፒውተር የነካ ሰው ይህን ቁጥር ሳያውቀው አይቀርም። በ32 ቢት፣ ማለትም በ32 የ0 ወይም የ1 ቦታ፣ ሊያዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር እሱ ነው። የኛው በ2 ይበልጠዋል። ባለ 32 ቢት ቦታ ውስጥ በግድ ብናስገባው የፊተኛው 1 ይወድቅና የሚቀረው ባዶ 1 ብቻ ነው።

የአምስቱ ፕራይሞች ታሪክ ደግሞ ከቁጥር አልፎ ወደ ቅርጽ ይሄዳል። በ1796 ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ፣ ገና 19 ዓመት ሳይሞላው፣ እኩል 17 ጎን ያለው ቅርጽ በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አረጋገጠ። ጎዶሎ ጎን ያለው እኩል ቅርጽ በዚህ መንገድ የሚሠራው የጎኑ ብዛት የተለያዩ የፌርማ ፕራይሞች ብዜት ሲሆን ነው። ሌላ መንገድ እንደሌለ በ1837 ፒየር ቫንትዘል አረጋገጠ። ሄርሜስ የተባለ ጀርመናዊ 65,537 ጎን ላለው ቅርጽ ሥራውን ለመጻፍ አሥር ዓመት ፈጅቶበታል፤ ጽሑፉ ጎቲንገን ውስጥ ይገኛል። አሥር ዓመት! እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ያስቀናኛል።

በአምስት ፕራይሞች ልንሠራቸው የምንችላቸው ጎዶሎ ቅርጾች 31 ናቸው። እዚህ ላይ የፓስካል ሦስት ማዕዘን ይገባል። ከላይ 1፣ ከሥሩ 1 1፣ ከሥሩ 1 2 1፣ እያለ የሚወርደው። ጎዶሎ የሆነውን ሁሉ በ1፣ ሌላውን በ0 ተኩትና እያንዳንዱን መስመር እንደ ኮምፒውተር ቁጥር አንብቡት። 1፣ 3፣ 5፣ 15፣ 17፣ 51፣ 85፣ 255፣ 257 እያለ ይወርዳል። ከላይኛው 1 በቀር ሁሉም በኮምፓስና በማስመሪያ የሚሠሩ ቅርጾች የጎን ብዛት ናቸው፤ አንድም ሳይዘለል፣ በቅደም ተከተል። 32ኛው መስመር 4,294,967,295 ነው። 33ኛውስ? 1፣ ከዚያ 31 ዜሮ፣ ከዚያ 1። የኛው ቁጥር ነው፤ ሰንሰለቱም እዚያው ላይ ይበጠሳል፣ ምክንያቱም 641 አለበት።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፕራይምን ለመለየት የሚያገለግል ፈጣን ፈተና አለ፤ 2ን ቁጥሩ ሲቀነስ 1 ያህል ጊዜ አባዝቶ ቀሪው 1 መሆኑን ማየት። ፕራይም ከሆነ (ከ2 በቀር) ያልፋል። የኛው ቁጥርም ያልፋል! ዙሩ 64 ነው፣ 64 ደግሞ 2³²ን ያካፍላል። በ2 ለፈተነው ሰው ይህ ቁጥር ፍጹም ፕራይም ይመስላል። በ3 ሲፈተን ግን ይጋለጣል።

ከእሱ በኋላ የመጡትስ? 6ኛው የፌርማ ቁጥር 18,446,744,073,709,551,617 ነው። በ1880 ፎርቹኔ ላንድሪ፣ በ82 ዓመቱ፣ 274,177 እንደሚያካፍለው አሳየ። እስከ 11ኛው ያሉት እስከ መጨረሻው ተተንትነዋል። እስከ 32ኛው ያሉት ደግሞ ፕራይም አለመሆናቸው ታውቋል። 20ኛው ለምሳሌ ፕራይም እንዳልሆነ በእርግጠኝነት ይታወቃል፤ ግን አንድም አካፋዩ እስካሁን አልተገኘም። ይካፈላል፣ በምን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። 33ኛው ከ2.5 ቢሊዮን በላይ አሃዝ አለው፤ ፕራይም ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም።

እኔ ስድስተኛ የፌርማ ፕራይም ይኖራል ብዬ አልጠብቅም። ቁጥሮቹ የሚያድጉት በአስፈሪ ፍጥነት ነው፣ ፕራይሞች ደግሞ ወደ ላይ በሄድን ቁጥር እየሳሱ ይሄዳሉ። ይህ ግን ግምት ነው። ከ5ኛው በኋላ ያሉት ሁሉ ይካፈላሉ ብሎ ያረጋገጠ ሰው የለም። ይባስ ብሎ፣ የሚካፈሉት የፌርማ ቁጥሮች ማለቂያ የሌላቸው መሆናቸውን እንኳ እስካሁን ያረጋገጠ የለም።